ጋሼ ጆሮ እና የጠመኔው መስመር

ቀሩ! የትም አይሄዱም! ሥራቸው አልተነካም፣ ክፍላቸውም አልተወሰደችም፤ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ኮምፕሬሰሩን አስነስተው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ደስታው አላስችል ብሎኝ ከጫፉ ጀመርኩላችሁ እንጂ ማን እንደቀረና ከምን እንደተረፈ ገና አልነገርኳችሁም። ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብና ከሥሩ ላውጋችሁ።

የቀሩት ጋሼ ጆሮ ናቸው፤ የግቢያችን ጎሚስታ።

ግቢያችን የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ የሚጠግን ድርጅት የመኪና ግቢ ነው። እኔ ስምሪት ክፍል ነኝ። የትኛው መኪና ከየትኛው ሾፌር ጋር ወዴት እንደሚወጣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ከጎማ ቤቱ ፊት ለፊት። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ጋሼ ጆሮን ነው። ሰውን በመስኮት ማየትና ሰውን ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ የገባኝ ግን በዚህ ሳምንት ነው።

ጎማ ቤቱ አሮጌ ኮንቴይነር ነው። በሩ ላይ ኮምፕሬሰሩ፣ ከጎኑ የተበሳ ጎማ የሚነከርበት ገንዳ፣ ከጀርባው በቆርቆሮ የተቀጠለች አንዲት ክፍል። ጋሼ የሚኖሩት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ምስማር ላይ አንድ ኮት። ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። እንግዲህ ጋሼ "ተሰናብተዋል" ቢባሉ የሚወጡት ከሥራም ከቤትም ነው፤ ያውም በአንዱ በር፣ በአንዱ ቀን።

"ጆሮ" የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሾፌሮች ናቸው። ጋሼ ጎማ የሚለኩት በመዶሻ ነው። ጠዋት ጠዋት በተደረደሩት መኪናዎች መሃል ያልፋሉ፤ ጎማውን አንድ ጊዜ ዱብ ያደርጉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። "ይሄ ንፋሱ አምስት ጎድሎታል" ይላሉ። የንፋስ መለኪያው ጌጅ ሲገባበት እውነትም አምስት ጎድሎታል። ሾፌሮቹ ሻይ ይወራረዱባቸው ነበር፤ በእሳቸው ላይ የተወራረደ ሁሉ ግን ሻዩን ከፍሎ ነው የሚሄደው። ከሁሉም በላይ የሚኮራባቸው ፍሬቻ ነበር። ፍሬቻ የምንለው አንጋፋውን ሾፌራችንን ነው፤ ግራ ዓይኑ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ይላል። "ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው፣ ግን አይታጠፍም" ይሉታል ጓደኞቹ። ፍሬቻና ጋሼ ምሳ የሚበሉት አንድ ላይ ነበር፤ ፍሬቻ ያወራል፣ ጋሼ ይስቃሉ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ጋሼ ተለወጡ። በምሳ ሰዓት ሁላችንም ጥላው ሥር ያለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ስንሰበሰብ እሳቸው ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ኮንቴይነሩ ይገባሉ። ሰላም ስንላቸው "ደህና፣ ደህና፣ በርቱ" ይላሉ። ሌላ ነገር ስንጠይቃቸውም "ደህና፣ በርቱ"። አንድ ቀን መካኒኩ "ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አለዎት?" ቢላቸው "ደህና፣ በርታ" ብለውት ዞር አሉ። ያን ዕለት ግቢው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን ሁላችንም ስቀን ከጨረስን በኋላ፣ ብቻቸውን።

"ኮሩ" አልን። ሽማግሌ ሲሆን እንዲህ ነው፣ ሰው ይሰለቸዋል አልን። እኔም ብያለሁ፤ አልክድም።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ። ከወር በፊት አለቃችን ለአንዷ ባለ አራት ጎማ ቀላል የጭነት መኪናችን አዲስ ጎማ አስመጣ። ድሮ የነበሯት እያነሱ አሸዋ ላይ ይሰምጡ ነበር። አዲሶቹ ግን ምናቸው ቅጡ! ወርዳቸው ሰፊ፣ ቁመታቸው ከወገቤ በላይ። መኪናዋ ከተጫማቻቸው በኋላ ፍሬቻ እንኳ ወደ ጋቢናው ለመግባት የበሩን እጀታ ይዞ መንጠላጠል ጀመረ። በዚያው ዕለት "ባለ ታኮዋ" ተባለች።

ታዲያ ንፋሷ ስንት ይሁን? ጭቅጭቁ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በሯ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስልሳ አምስት ይላል፤ ግን ወረቀቱ የሚያውቀው ፋብሪካው የገጠመላትን ትንንሾቹን ጎማዎች ነው። አዲሱ ጎማ ጎኑ ላይ ደግሞ ሰማንያ የሚል አለ።

"ጎማው ራሱ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ! ምን ያከራክራል?" አለ አለቃችን።

ጎማው ላይ የተጻፈው ቢበዛ ቢበዛ የሚችለው ነው እንጂ የሚስማማው አይደለም። ሰው ሃምሳ ኪሎ መሸከም ይችላል ማለት ሁልጊዜ ሃምሳ ኪሎ ተሸክሞ ይኑር ማለት ነው? ይሄን ዛሬ እንደ ሊቅ እጽፍላችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ማን አውቆት! ጋሼም "ደህና" አሉና ሰማንያ ሞሉት።

ባለ ታኮዋ መዝለል ጀመረች። ጠጠር በረገጠች ቁጥር ትነጥራለች፤ መሪው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። "መሪው ላይ ተኝቼ ነው የምነዳት፣ ማታ ክንዴን አላነሳውም" ይል ነበር ፍሬቻ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ካፊያ ነበር። ከግቢው መታጠፊያ ላይ ኋላዋ አመለጠውና አጥሩን ገጨ። ሰው አልተጎዳም፤ የአጥሩ ቆርቆሮ ብቻ ተጨማደደ።

ፍሬቻ ዱብ ብሎ ወረደ፤ ከጋሼ እጅ መዶሻውን ነጠቀና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች መታ። የግራው ሌላ ድምፅ፣ የቀኙ ሌላ ድምፅ። እኔ እንኳ ከመስኮቴ ሆኜ ለየሁት። ሲለካ አንዱ ሰማንያ፣ ሌላው ስልሳ ሆኖ ተገኘ፤ ቫልቩ በቀስታ ያስተነፍስ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም መትተሃቸው 'ደህና ነው፣ ሂድ' አላልከኝም?" አለ ፍሬቻ።

"ደህና፣" አሉ ጋሼ።

"ምን ደህና ትለኛለህ! ልሞትልህ ነበር እኮ! ጆሮ ብለን ስም አውጥተንልህ አንተ ግንድ ሆንክብን?"

 አለቃችን መጣና ፊት ለፊታቸው ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሲናደድ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚጥላቸው።

"ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ። እስከ ቅዳሜ ይቺ መኪና ቀጥ ብላ ካልሄደች የጎማ ሥራውን በሙሉ ማሽን ላለው ጋራዥ ነው የምሰጠው። ኮንቴይነሩም ይነሳል።"

ይሄን ሰሙ። ማለቴ፣ ይሄ ገባቸው። ፊታቸው ላይ አየሁት።

ማክሰኞና ረቡዕ ጋሼ ከባለ ታኮዋ ፊት ተቀምጠው ዋሉ። ቸርኬ ገልብጠው እንደ በርጩማ ተቀምጠውበት ጎማውን ያዩታል። ጎማው ያያቸዋል። ንፋስ ያስወጣሉ፣ በጌጅ ይለካሉ፣ በመዳፋቸው ይዳብሱታል፣ መልሰው ይሞላሉ። ማንም አልጠጋቸውም። ሊባረር የተቃረበ ሰው ዙሪያ መሬቱ የሚፋጅ ይመስል ሁሉም በሩቁ ነው የሚያልፈው። ፍሬቻ እንኳ የስምሪት ወረቀቱን ሊወስድ ሲመጣ ጎማ ቤቱን ላለማየት አንገቱን አዙሮ ነበር።

ሐሙስ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ጋሼ ጠመኔ አወጡ። የተበሳ ቦታ ምልክት የሚያደርጉበት ነጭ ጠመኔ ነው። በአራቱም ጎማዎች ላይ፣ መሬት በሚረግጠው ፊታቸው፣ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ወፍራም መስመር አሰመሩ። ከዚያ ጋቢና ገቡ፤ መኪና ማጠቢያው ጋ ያለው ሲሚንቶ ላይ ሃያ እርምጃ ያህል ወደፊት ነዱ፣ ቆሙ፣ ወረዱ፣ ተንበረከኩ፣ ጎማውን አዩ። ተነሱ፣ ገቡ፣ ወደ ኋላ መለሷት፣ እንደገና አሰመሩ። እንደገና ነዱ። እንደገና ተንበረከኩ። አርባ ጊዜ ያህል ሳይሆን አይቀርም፤ ከሠላሳ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ያን የሚያህል ግቢ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንዲት መኪና፣ አንዲት ጠመኔ።

"ባለ ታኮዋን ዳንስ እያስተማሯት ነው!" አለ መካኒኩ በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ። "አንድ፣ ሁለት፣ ተንበርከክ!"

ሳቅኩ። ሳቄ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቴን ትቼ ወጣሁ።

ስደርስ ኮንቴይነሩ ውስጥ ነበሩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ጌጁን ይጠርጋሉ። "ጋሼ" አልኩ። ዝም። "ጋሼ!" ዝም። ቅር ልሰኝ ስል፣ ከጀርባዬ የሚገባ ቦቴ ክላክሱን እንዲህ አድርጎ ነፋው፤ እኔ ዘልዬ የኮንቴይነሩን በር ያዝኩ። ጋሼ ግን ንቅንቅ አላሉም። ዝንብ ያረፈባቸው እንኳ አልመሰሉም።

ያን ጊዜ ሬዲዮኑን ሰማሁት። ሁልጊዜ መደርደሪያው ላይ ይበራል፤ ጋሼ ሬዲዮ ወዳጅ ናቸው እንላለን። ቀርቤ ሳዳምጠው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ጣቢያ የለውም። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ሲል እንደኖረ እግዜር ይወቀው።

ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ በቸነከሩት የመኪና ስፔክዮ ውስጥ አዩኝ። ሁላችንም ለጢም መላጫ የሰቀሉት ይመስለን ነበር፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው የሚያዩበት ኖሯል። ደንገጥ አሉና ፈገግ ብለው ዞሩ።

"ደህና፣ በርቺ!"

ፊት ለፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። ሬዲዮኑን አጠፋሁት። ማጥፋቴን አላወቁም። ቀስ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ፦ "ጋሼ፣ ሬዲዮኑ ጣቢያ የለውም እኮ" አልኳቸው።

ዓይናቸው ከንፈሬ ላይ ቀረ።

"መብራቱ ይበራል፣" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ጣቢያ ያጣው?"

"እኔ አላወቅኩም፣ ጋሼ።"

ቸርኬው ላይ ቁጭ አሉ። "ኮምፕሬሰሩ ነው ቀስ በቀስ የበላው። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ቆሜ። የቀኙ ቀድሞ ሄደ፤ የግራው ተከተለው። ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ሰው ቢያናግረኝ ከከንፈሩ እይዛለሁ። ሦስት ሰው ካወራ ግን ጠፋሁ። ምሳ ላይ አንዱን አያለሁ፣ ሌላው ተናግሮ ጨርሷል። ሁሉም ሲስቅ እስቃለሁ። በምን እንደሚስቁ አላውቅም፤ በእኔ ይሁን በሌላ።"

"ለምን አልተናገሩም ታዲያ?"

"ስሜ ማን ነው?" አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"ጆሮ እያሉ እየጠሩኝ አልሰማም ልበላቸው? ሳይሰማ በመዶሻ ጎማ የሚመታ ጎሚስታ ማን ያስቀምጣል? እስከ ቅዳሜ ለማንም እንዳትነግሪብኝ፣ እህቴ። አደራ።"

አደራውን ተቀበልኩ። ከዚያ ደስ ያለኝ ነገር፣ ስለ ጠመኔው ስጠይቃቸው ሰውየው ተለወጡ! ተነስተው እጄን ይዘው ወደ ባለ ታኮዋ ወሰዱኝ። "ጌጅ ስንት እንዳለ ነው የሚነግርሽ። ስንት መሆን እንዳለበት አይነግርሽም። ያንን ድሮ የሚነግረኝ ድምፁ ነበር። ግን ይሄን ጎማ ጆሮዬ ደህና ቢሆንም አላውቀውም ነበር፤ እንግዳ ነው፣ ድምፁን ለምጄው አላውቅም። ትናንት አንድ ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጌበት ወደፊት ሳስጠጋት፣ የመሃሉ ጠፍቶ የዳሩ ቀረ። እዪው፤ ሰማንያ ሲሆን መሃሉን ብቻ ነው የምትረግጠው። ይሄን የሚያህል ሰፊ እግር ይዛ በጣት ጫፍ ነው የምትሄደው። እንዴት አትንሸራተት?" ንፋስ እየቀነሱ አሳዩኝ። ጠመኔው የሚጠፋበት ቦታ ወደ ዳርና ዳር እየሰፋ ሄደ። "ብዙ ከቀነስሽ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ ዳሩ ይጠፋል መሃሉ ይቀራል፤ ጎኑም ይግላል፣ ግሎ ይፈነዳል። ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚጠፋበት አንድ ቦታ አለ። እሱን ነው የምፈልገው።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ሁለት ቃል ብቻ የሰማሁ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ሲያወሩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ መንገድ ላይ ቆምኩ። ከሁለት ወር በፊት ልጃቸው በእኔ ስልክ ደውላልኝ ነበር። "እባክዎ እህቴ፣ አባዬ ተቀይሞኛል እንዴ? ላገባ ነው ብዬ ብነግረው 'ደህና፣ በርቺ' ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ" ብላ ስታለቅስ፣ እኔ ምን አልኳት? "አይ ልጄ፣ አባትሽ ዘንድሮ ከሁላችንም ጋር እንዲሁ ናቸው፤ ኮርተዋል።" እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ደውላ አታውቅም፤ ስልካቸው መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ አይቼዋለሁ። ተመልሼ ልነግራቸው አሰብኩና፣ የቅዳሜ ሸክም ላይ ይሄን መጨመር አልሆነልኝም።

ቅዳሜ፣ ዛሬ ማለት ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ማጠቢያው ጋ ተሰበሰበ። ጎማው ሳይግል ነው የሚለካው ብለው ጋሼ ማንም እንዳይነዳት ከልክለው ነበር። የፊቶቹን አርባ አራት፣ የኋላዎቹን ባዶዋን ስትሆን ሠላሳ ስምንት አድርገዋቸዋል። ቁጥሩን ሲሰማ አለቃችን ፊቱን አጨማደደ።

"ሠላሳ ስምንት? የሰማንያው ግማሽ እንኳ አይሞላም እኮ! ጋራዡን ጠይቄ ነበር፣ ስልሳ አምስት ነው ያሉኝ።"

ጋሼ ከንፈሩን አይተው ጠበቁት፤ ከዚያ ጠመኔውን አነሱና አራቱንም አሰመሩ። ፍሬቻ ተኮሳትሮ ጋቢና ገባ፣ ሃያ እርምጃ ነዳት፣ ቆመ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስስ ብሎ ጠፍቷል! ቧንቧውና ፓምፑ ተጫነባት፤ ጋሼ የኋላዎቹን ሃምሳ ሁለት አደረሷቸው፤ እንደገና አሰመሩ፣ እንደገና ተነዳች። እኩል! እጄን ላጨበጭብ ስል ማንም እንዳላጨበጨበ አይቼ ተውኩት።

"ጥሩ፣" አለ አለቃችን። "እኔ በጠመኔ አይደለም የማምነው። በመዶሻዎ ይምቱና እንደ ድሮው ቃልዎን ይስጡኝ። እርስዎ ሰምተው 'ደህና ነው' ካሉ እኔ ራሴ ገብቼ እሄዳለሁ።"

መዶሻውን አቀበላቸው። ጋሼ ተቀበሉት። አንድ ጊዜ መትተው "ደህና" ቢሉ አለቀ፤ ሥራቸውም ክፍላቸውም ተረፉ። እኔ በልቤ "ይበሉት፣ ይበሉትና ይገላገሉ" እያልኩ ነበር። መዶሻውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

"አልሰማም፣" አሉ። "ሦስት ዓመቴ ነው። ሰኞ ዕለትም መታሁ እንጂ አልሰማሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሄን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ልክ ነው።"

 አለቃችን አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ መኪናዋን ያያል። ፍሬቻ ከጋቢናው ወረደ፤ ግራ ዓይኑ እንዲያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። መዶሻውን አነሳ። አራቱንም ጎማዎች ዞሮ መታ። ዱብ። ዱብ። ዱብ። ዱብ።

"እኔ ሰማሁት፣" አለ ወደ አለቃችን ዞሮ። "ደህና አድርጌ ሰማሁት። ዱብ አለ። እስቲ ንገሩኝ፣ ዱብ ማለት ስንት ነው?"

አንድ ሰው በሳቅ ፍሽ አለ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁላችንም። አለቃችን ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተውና ጋቢናውን ከፍቶ ገባ። "ና ንዳ!" አለው።

ግማሽ ሰዓት ጠፉ። ጋሼ የተገለበጠው ቸርኬ ላይ ቁጭ ብለው መንገዱን ያያሉ። መኪናዋ ስትመጣ አይሰሙምና ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔ ድምፅዋን ቀድሜ ስሰማ ትከሻቸውን ነካ አደረግኳቸው። በዚያው በሰኞው መታጠፊያ፣ ያውም አለቃችን ውሃ ባስደፋበት መሬት ላይ፣ ዞረች። ኋላዋ ውልፍት አላለም።

አለቃችን ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፊት ለፊታቸው መቆም ነበር። "ሰኞ ሌሎቹም ሁለት መኪናዎች ትልልቅ ጎማ ይገባላቸዋል። በጠመኔዎ ያድርጓቸው። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼን የሚፈልግ ሰው ፊታቸው ሄዶ ይቆማል፤ ከኋላቸው የሚጮህ እንዳላይ!"

ፍሬቻም መጣ። "እንዴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሳወራ ነበር በለኛ!"

"ብዙም አላመለጠኝም፣" አሉ ጋሼ።

"ይሄንንስ እንዴት ሰማህ?"

"ከንፈርህን አይቼ። ዓይንህን ካየሁማ ትታጠፋለህ ብዬ መንገድ እለቅልሃለሁ።"

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ! ግን አልሆነም። ምሳ ላይ ጎትተው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው፤ ፍሬቻ ከጎናቸው። ሁሉም በደስታ በአንድ ጊዜ ያወራል። ጋሼ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ያያሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ይዘገያሉ። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸው ደከመ። ምሳ ዕቃቸውን ከድነው ቀስ ብለው ተነሱና ወደ ኮንቴይነሩ ሄዱ። ማንም ክፉ አልሆነባቸውም። ጆሮ ግን በጭብጨባ አይመለስም።

ተከትያቸው ገባሁ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ "ጋሼ፣ ልጅዎ ላገባ ነው ብላ በስልክ ነግራዎት ነበር" አልኳቸው። ከንፈሬን አሳስተው ያነበቡ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠመኔውን አንስቼ ኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ ጻፍኩት፦ ልታገባ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"መቼ ነገረችኝ?"

"ሁለት ወር ይሆናል።"

"እኔስ ምን አልኳት?"

 እሳቸው ራሳቸው መለሱት፤ "ደህና፣ በርቺ" አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "ስልኩን የማነሳው ስሟ ስለሚበራ ነው። ከንፈሯ አይታየኝም። ስታወራ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፤ ሃያ ላይ 'ደህና፣ በርቺ' እላለሁ። አንዳንዴ እሷ አላወራችም ይሆናል እኮ። ዝም ብላ እየጠበቀችኝ ይሆናል።"

እኔም "ኮርተዋል" ማለቴን ነገርኳቸው። ሊቆጡኝ ይገባ ነበር። አልተቆጡም።

"እንግዲያው ያበላሸሽውን አንቺው አስተካክዪው። ደውዪላት። አባትሽ አይሰማም በያት፤ ኩራት አይደለም በያት። ሥራውን አልለቀቀም፣ ክፍሉም አለች በያት። ነገ እሁድ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ በያት። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እንደ አዲስ ትንገረኝ። የዚያን ጊዜ በቅጡ እመልስላታለሁ።"

የልጃቸው የሆስፒታል ፈረቃ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ይሄን ሁሉ የጻፍኩላችሁ እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶኝ ነው፤ የስምሪት ወረቀት ጀርባ ላይ፣ መስመር እየዘለልኩ። አሁን ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባ ወደ ግቢው በር መውጣት አለብኝ። ጋሼ ቀድመውኝ እዚያ ቆመዋል፤ ፊታቸውን ታጥበዋል፣ በመስኮቱ ወደ እኔ እያዩ ነው። መጣሁ፣ ጋሼ፣ መጣሁ! ምን እላለሁ፣ አይሰሙኝም እኮ፤ እጄን ላውለብልብላቸውና ልሩጥ፣ ልጅቷ ከሥራ ወጥታ የቤቷ አውቶቡስ ውስጥ ከመግባቷ በፊት!